ጠመንጃ በመኪና ይዞ ድንበር ስለ ማቋረጥ፤ በኦሃዮ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የቀረበ የሕግ ማብራሪያ

በአገራችን ልማድ ጠመንጃ የባለቤቱ አካል ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ውጅግራውን፣ ምንሽሩን፣ ኋላም ክላሹን አንግቶ ገበያ የወጣ፣ ለቅሶ የደረሰ ወይም ሠርግ የታደመ ገበሬ፣ ጥይቱ የት እንዳለ ወይም ሣጥኑ ተቆልፎ እንደሆነ የሚጠይቀው ብዙ አልነበረም፤ ቢጠየቅ የሚጠየቀው የማን ወገን መሆኑን ነው። በአሜሪካ ግን የሕጉ አጠያየቅ ሌላ መልክ አለው። ጠመንጃ መያዝ በሕገ መንግሥት እንደ መብት ተጽፎ በሚገኝበት በዚህ አገር፣ መሣሪያው ከቤት ወጥቶ መኪና ላይ ከተጫነበት ቅጽበት ጀምሮ የሚመረመረው የባለቤቱ ቅንነት ሳይሆን ጠመንጃው የተቀመጠበት ስፍራ፣ ጥይቱ የተለየበት መንገድና የባለቤቱ የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ በተቻለ መጠን አብራርተን ለማቅረብ እንሞክራለን።

መሣሪያን በሌላ ወገን ግዛት አሳልፎ መውሰድ ምን ያህል የዚያን ወገን ፈቃድ እንደሚያሻው የኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪ አይስተውም። እ.ኤ.አ. በ1923 ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ፣ በ1919 ሳን ዠርማን ላይ የተፈረመውን የመሣሪያ ንግድ ስምምነት እንደምታከብር መግለጫ እንድትሰጥ ተደርጓል። በነሐሴ ወር 1930 ፓሪስ ላይ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር የተደረገው ውል ደግሞ መንግሥቷ ለመከላከያው መሣሪያ የማስገባት መብት እንዳለው አረጋገጠ። ይሁን እንጂ በ1935 የፋሺስት ወረራ ሲቃረብ እንግሊዝና ፈረንሳይ የመሣሪያ ሽያጭ እገዳ ስላደረጉ፣ የባሕር በር ያልነበራት አገር በወረቀት ላይ ያገኘችው መብት ጠመንጃውን ከጂቡቲ ወደብ ወደ አዲስ አበባ ሊያደርስላት አልቻለም። ባለመሣሪያ የመሆን መብትና መሣሪያውን ይዞ የማለፍ መብት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመንግሥታት መካከል የታየው ይህ ልዩነት አንድ ግለሰብ በመኪናው የኋላ ክፍል አንድ ጠመንጃ ጭኖ ሲጓዝም በአነስተኛ መጠን ይደገማል።

ክሊንተንቪል ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በስተሰሜን፣ በኦለንታንጂ ወንዝና በ71 ቁጥር አውራ ጎዳና መካከል፣ ሃይ ስትሪትን ይዞ የተዘረጋ የኮሎምበስ ሰፈር ነው። ከዚህ ሰፈር አንድ ወገናችን ለአጋዘን አደን ወደ ሚሺጋን ወይም አልፎ ወደ ካናዳዋ ኦንታሪዮ ጠመንጃ ይዞ ሊጓዝ ተነሣ እንበል። ከቤቱ በር እስከ ዲትሮይት ድልድይ ድረስ የሚያገኘው ሕግ አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው የኦሃዮ ሕግ ነው። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ቁጥር 2923.16 በመኪና ውስጥ ስለሚያዝ መሣሪያ ሲደነግግ፣ ጠመንጃው ባዶ እንዲሆንና ከተዘረዘሩት አኳኋኖች በአንዱ እንዲቀመጥ ያዛል። በተዘጋ ሣጥን ወይም ማኅደር ውስጥ፣ ከመኪናው ሳይወረድ በማይደረስበት ክፍል ውስጥ፣ ወይም ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ማንጠልጠያ ላይ በግልጽ እየታየ ሊጓዝ ይችላል። ጠቅላላ ርዝመቱ ከ24 ኢንች፣ የአፈሙዙ ቱቦ ደግሞ ከ18 ኢንች የማያንስ ጠመንጃ ከሆነ፣ የጥይት መግቢያው ተከፍቶ ወይም መሣሪያው ተፈታቶ በግልጽ እየታየ ቢሄድም ይፈቀዳል። "ባዶ" የሚለው ቃል ግን በተለምዶ ከምንረዳው የጠበቀ ነው። ጥይት አለመጉረሱ ብቻ አይበቃም። ጥይት ያለበት ካዝና በጠመንጃው ላይ ተሰክቶ መገኘት የለበትም፤ ተነቅሎም ቢሆን ጥይት የያዘው ካዝና እጅ በማይደርስበት ክፍል ወይም ራሱን ችሎ በሚዘጋ ማስቀመጫ ውስጥ መሆን አለበት። ጠመንጃው ባዶ ሆኖ የተሞላው ካዝና ወንበር ላይ ተጥሎ ከተገኘ፣ በሕጉ ትርጓሜ ጠመንጃው ጥይት እንዳለው ይቆጠራል።

በዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ከሰኔ 2022 ወዲህ ኦሃዮ ዕድሜው 21 የሞላና ሌላ ሕግ የማይከለክለው ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ሽጉጥ ደብቆ እንዲይዝ ስለፈቀደች፣ ብዙዎች ፈቃዱ ለማንኛውም መሣሪያ የተሰጠ ይመስላቸዋል። ሕጉ የሚናገረው ስለ ሽጉጥ ነው። ጥይት ያለውን ጠመንጃ ሾፌሩ ወይም ተሳፋሪው ከመኪና ሳይወርድ ሊደርስበት በሚችልበት ሁኔታ መያዝ ዛሬም የአራተኛ ደረጃ ከባድ ወንጀል ነው። ባዶውን ጠመንጃ ሕጉ ካዘዘው ውጪ አስቀምጦ መጓዝ ደግሞ የአራተኛ ደረጃ ቀላል ወንጀል ሲሆን፣ ከፍተኛው ቅጣቱ 30 ቀን እስራትና 250 ዶላር ነው። ይህች ትንሽ የምትመስል ቅጣት ለስደተኛ ምን ይዛ እንደምትመጣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መንገደኛችን ገና ከሰፈሩ ሳይወጣ ሁለተኛውን ሕግ ያገኛል። የክሊንተን አንደኛ ደረጃና የዌትስቶን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በክሊንተንቪል ውስጥ ይገኛሉ። ኮንግረስ በ1990 ያወጣው ሕግ ከትምህርት ቤት 1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ መሣሪያ መያዝን ከልክሏል። ይህን ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 የኮንግረስን ሥልጣን ያለፈ ነው ብሎ ቢሽረውም፣ ኮንግረስ በ1996 አሻሽሎ መልሶታል። በግል ይዞታ ላይ ያለ መሣሪያ በክልከላው አይነካም፤ በመንገድ ላይ የሚያልፍ ጠመንጃ ግን ባዶ ሆኖ በተቆለፈ ሣጥን ወይም በተቆለፈ ማንጠልጠያ ውስጥ መሆን አለበት። እንግዲህ ኦሃዮ "እየታየ ይሂድ" ያለችውን የፌዴራሉ ሕግ "ይቆለፍ" ይላል ማለት ነው። አንዱን አክብሮ ሌላውን መተላለፍ እዚህ ላይ እጅግ ቀላል ነው፤ በከተማ ውስጥ ከትምህርት ቤት ርቆ የሚሄድ መንገድ ማግኘትም አስቸጋሪ ነው።

ቶሊዶን አልፎ ሚሺጋን ሲገባ ሕጉ እንደገና ይለወጣል። በሚሺጋን ባዶው ጠመንጃ ተፈታቶ፣ በማኅደር ተከቶ፣ በኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ተጭኖ ወይም ከመኪናው ውስጥ እጅ በማይደርስበት ስፍራ ሆኖ መሄድ ይኖርበታል። የጥይት መግቢያውን ከፍቶ በግልጽ ማሳየት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ በኦሃዮ ምንም ያላጠፋ ሾፌር፣ እጁን ሳያንቀሳቅስ፣ የክፍለ ግዛቱን ወሰን የሚያሳየውን ምልክት ስላለፈ ብቻ ሕግ ተላላፊ ይሆናል።

እርግጥ ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር መጠለያ እንዲሆን በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። በመነሻውም በመድረሻውም መሣሪያውን በሕጋዊ መንገድ ሊይዝ የሚችል ሰው፣ በመካከል ያለው ክፍለ ግዛት ቢከለክልም እንኳ አቋርጦ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። ጠመንጃው ባዶ መሆን፣ እርሱም ጥይቱም ከተሳፋሪው ክፍል በቀላሉ የማይደረስባቸው መሆን አለባቸው። የተለየ የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ በሌለው መኪና፣ ለምሳሌ ብዙ ወገኖቻችን በሚነዱት ሚኒቫን፣ በተቆለፈ ሣጥን መያዝ ግዴታ ነው፤ የዳሽቦርዱ መሳቢያ ቢቆለፍም አይቆጠርም። መጠለያው ግን ለሚያልፍ እንጂ ለሚያድር አይደለም። በ2005 አንድ የዩታ መንገደኛ ሽጉጡን በሻንጣው ቆልፎ በአውሮፕላን ወደ ፔንሲልቬንያ ሲሄድ፣ ኒው ጀርሲ ላይ ተከታዩ ጉዞ አምልጦት ሻንጣውን ተረክቦ ሆቴል አደረ፤ በማግስቱ በኒውዋርክ አየር ማረፊያ መሣሪያውን ሲያስመዘግብ ታሰረ። ክሱ ቢነሣለትም፣ ካሣ ጠይቆ ያቀረበውን አቤቱታ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2010 ሲወስን፣ ሻንጣው ሌሊቱን በእጁ ስለነበረ የ1986ቱ ሕግ አይሸፍነውም አለ። ፍርዱ ጨካኝ ነው ብንልም፣ ወደ ምሥራቅ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድና በየመንገዱ "እደሩ" የሚባል ሐበሻ ሊያስታውሰው ይገባል።

እስካሁን ያልነው ለተወላጁም ለስደተኛውም እኩል የሚሠራ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእኛ ጉዳይ ነው፤ በማኅበረሰባችን ውስጥም በቂ ውይይት አልተደረገበትም።

በፌዴራሉ ሕግ የአሜሪካ ዜግነት ያለው፣ ግሪን ካርድ የያዘ፣ እንዲሁም በስደተኛነት ወይም በጥገኝነት ሕጋዊ መኖሪያ የተሰጠው ሰው፣ ሌላ እንቅፋት ከሌለበት ጠመንጃ ሊይዝ ይችላል። በተማሪነት ወይም በጎብኚነት ቪዛ የገባ ግን የአደን ፈቃድን የመሰለ በሕግ የታወቀ ምክንያት ካላቀረበ አይችልም። መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ከቶ አይፈቀድለትም። ከ2022 ወዲህ ይህን መተላለፍ እስከ 15 ዓመት እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። በቤተሰብ ላይ በተፈጸመ ጥቃት፣ በቀላል ወንጀልም ቢሆን የተፈረደበት ሰው ከ1996 ጀምሮ ተከልክሏል። ሕጉ እንደ ተጻፈ ቁጥጥር የሚደረግበትን ዕፅ ያለ ሕግ የሚጠቀምም ይከለከላል፤ በትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በዚህ አገር በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች አንዱ መሆኑን ማስታወስ ያሻል።

ከሁሉ የሚከብደው የኢሚግሬሽን ሕጉ ነው። ሕግን በመተላለፍ መሣሪያ በመግዛት፣ በመሸጥ፣ በመጠቀም፣ በመያዝ ወይም ይዞ በመንቀሳቀስ የተፈረደበት የውጭ ዜጋ ከአገር ሊባረር እንደሚችል ይደነግጋል። በዚህ አንቀጽ የቅጣት መጠን አልተወሰነም። በመሆኑም ከላይ የጠቀስነው የ30 ቀንና የ250 ዶላር ጥፋት፣ ለተወላጁ የአንድ ቀን ራስ ምታት ሆኖ ሲያልፍ፣ ሃያ ዓመት በግሪን ካርድ የኖረውን የልጆች አባት በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ሊያቆመው ይችላል። "ጥፋተኛ ነኝ በልና በትንሽ መቀጮ ውጣ" የሚለው የፍርድ ቤት ኮሪደር ምክርም አደገኛ ነው፤ ለኢሚግሬሽን ሕግ ጥፋተኛነትን አምኖ መቀጮ መቀበል ፍርድ ነውና። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ከአርባ ዓመት በላይ በሕጋዊ መንገድ በኖረና በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ በተዋጋ የከባድ መኪና ሾፌር ጉዳይ፣ የወንጀል ጠበቃ ለደንበኛው የመባረርን አደጋ የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። የዚያ ሰው ጉዳይ የጠመንጃ ሳይሆን የማሪዋና ነበር፤ መብቱ ግን ለሁሉም ነው። ተከሳሹ ገና በመጀመሪያው ቀን "ዜጋ አይደለሁም" ብሎ ለጠበቃው መናገር ይኖርበታል።

ወደ ካናዳ ለሚሻገር ደግሞ የሚጠብቀው አጭር ቢሆንም ጥብቅ ነው። ካናዳ እንደ ኤአር-15 ያሉትን ጠመንጃዎች ከግንቦት 2020 ጀምሮ ከልክላለች፤ ራስን ለመከላከል ማለትም ምክንያት ሆኖ አይቀበልም። ተራ የአደን ጠመንጃ የያዘ፣ ዕድሜው 18 የሞላ መንገደኛ የመሣሪያ ማሳወቂያ ቅጽ ሞልቶ፣ ፊርማውን ግን በጉምሩክ ሹሙ ፊት ብቻ አኑሮ፣ 25 የካናዳ ዶላር ከፍሎ የ60 ቀን ፈቃድ ያገኛል። ያላሳወቀ ጠመንጃውን ይወረሳል፤ ሊከሰስም ይችላል።

እዚህ ላይ የዲትሮይትን መንገዶች ማንሣት ግድ ይላል። ወደ አምባሳደር ድልድይ የሚወስደውን መውጫ በስሕተት የያዘ ሾፌር መመለሻ አጥቶ ራሱን በካናዳ ጉምሩክ ፊት ሊያገኝ ይችላል። ጠመንጃ ካለው ወዲያውኑ፣ ሳይጠየቅ፣ መናገር አለበት። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት ሰው ከሆነ ችግሩ ይደራረባል፤ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ከአገር መውጣቱ ማመልከቻውን እንደተወ ሊያስቆጥርበት ይችላልና። እንዲህ ያለው ወገናችን ጠመንጃ ከመንካቱም፣ ወደ ዲትሮይት ከመንዳቱም በፊት የሕግ ባለሙያ ቢያማክር ይበጀዋል።

ለመመለሻው ደግሞ ሰነዱ የሚዘጋጀው ከመሄድ በፊት ነው። የአሜሪካ ጉምሩክ ቅጽ 4457 ጠመንጃው ቀድሞም የመንገደኛው እንደነበረ የሚመሰክር ሲሆን፣ ስሪቱና የመለያ ቁጥሩ ተጽፎበት ሹሙ መሣሪያውን አይቶ ይፈርምበታል። ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለግል መገልገያው እስከ ሦስት ጠመንጃና እስከ 1,000 ጥይት ያለ ልዩ የኤክስፖርት ፈቃድ ይዞ ሊወጣ ይችላል። የጉምሩክ ጽሕፈት ቤት በኮሎምበስም ስላለ፣ የክሊንተንቪሉ መንገደኛ አስቀድሞ ስልክ ደውሎ ቀጠሮ ከያዘ በኋላ ጠመንጃውን ባዶ አድርጎና በሣጥኑ ቆልፎ ይሄዳል፤ ሣጥኑንም ሹሙ እስኪያዘው ድረስ ከመኪናው አያወርድም።