አካላዊ ለውጥ እና ኬሚካዊ ለውጥ

አካላዊ ለውጥ (ወይም ፊዚካዊ ለውጥ) ማለት የአንድ ቁስ ቅርጽ፣ መጠን ወይም ሁኔታ ተለውጦ ቁሱ የተሠራበት ንጥረ ነገር ግን ሳይለወጥ የሚቀርበት ለውጥ ነው። ኬሚካዊ ለውጥ በአንጻሩ በአተሞች መካከል ያለው ትስስር ፈርሶ ሌላ ትስስር ሲፈጠርና የተለየ ባሕርይ ያለው አዲስ ንጥረ ነገር ሲገኝ የሚከሰት ነው።

አካላዊ ለውጥ

በረዶ ሲቀልጥም ሆነ ውሃ ሲተን እያንዳንዱ የውሃ ሞለኪውል ሁለት የሃይድሮጅንና አንድ የኦክስጅን አተም እንደያዘ ይቆያል። የሚለወጠው የሞለኪውሎቹ አቀማመጥና እንቅስቃሴ ነው። ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲፈላ፣ የአየር ግፊት አነስተኛ በሆነበት በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በሁለቱም ቦታ የሚወጣው እንፋሎት ግን ያው ውሃ ነው።

ኬሚካዊ ለውጥ

ብረት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ዝገት ይሆናል። የእንጀራ ሊጥ ሲቦካም ረቂቅ ተሕዋስያን በሊጡ ያለውን ስኳር ወደ አሲድና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣሉ፤ የእንጀራው ጎምዛዛ ጣዕም የሚመጣው ከአሲዱ ነው።

ቡና ሲፈላ ሁለቱም ለውጦች ይታያሉ። ጥሬ ቡና ሲቆላ ቀድሞ ያልነበሩ ቀለምና መዓዛ የሚሰጡ ንጥረ ነገሮች ስለሚፈጠሩ ለውጡ ኬሚካዊ ነው። የተቆላው ሲወቀጥ ግን ከመድቀቅ በቀር የሚሆነው ነገር ስለሌለ ለውጡ አካላዊ ነው። ስኳር በሲኒው ውስጥ ሲሟሟም እንዲሁ ነው። ያው ስኳር በብረት ምጣድ ላይ ሲያርር ግን ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል።

ሁለቱን መለየት

የቀለም መለወጥ፣ የጋዝ መውጣት፣ ሙቀትና ብርሃን የኬሚካዊ ለውጥ ምልክቶች ናቸው፤ ብቻቸውን ግን ማረጋገጫ አይሆኑም። የሚፈላ ውሃ አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ግን እንፋሎት ነው። «ወደ ነበረበት የሚመለስ ለውጥ አካላዊ ነው» የሚለው የተለመደ አባባልም ሁልጊዜ አይሠራም። የተሰበረ ብርጭቆ እንደቀድሞው ባይሆንም ስብርባሪው አሁንም ብርጭቆ ነው። የመኪና ባትሪ ደግሞ በኬሚካዊ ለውጥ እየሠራ ቻርጅ ሲደረግ ይመለሳል። ዋናው መለያ አዲስ ንጥረ ነገር መፈጠሩ ነው።

በዕለት ተዕለት ኑሮ ያለው ጥቅም

አዲሱ ንጥረ ነገር ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። በቂ ኦክስጅን ካላገኘ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድም ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝ ሰውነት ኦክስጅን እንዲያጣ ያደርጋል። ጭሱ የጠፋለት የከሰል ፍም ጉዳት የሌለው ቢመስልም ኬሚካዊ ለውጡ ስላልቆመ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፍም አስቀምጦ መተኛት ለሞት ያደርሳል።