የተጋረደው መስኮት፦ ተጨማሪ ዕቃ የተገጠመለት ሞተር ሳይክል የዘይትና የፍሬን ፈሳሽ ፍተሻ

ለመስክ ሥራ የሚሰማራ ሞተር ሳይክል ከፋብሪካ እንደወጣ ብዙ ጊዜ አይቆይም። የግብርና ባለሙያውም ሆነ መረጃ ሰብሳቢው ተመራማሪ ከሞተሩ ግራና ቀኝ የብረት መከላከያ፣ ከሥሩ ድንጋይ የሚመክት ሰፊ ብረት፣ ከኋላ ደግሞ የጎን ሣጥን ያስገጥማል። ዕቃዎቹ አስፈላጊ ናቸው፤ በጠጠር መንገድ ላይ የወደቀ ሞተር ሳይክል ሞተሩ ሳይሰበር የሚነሣው ብዙ ጊዜ በእነርሱ ምክንያት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ሌላ ነው፦ አሽከርካሪው በየጊዜው እንዲያያቸው የተቀመጡት የፈሳሽ መጠን ምልክቶች በእነዚህ ዕቃዎች ሲጋረዱ ፍተሻው ምን ይሆናል?

የአሜሪካው የሞተር ሳይክል ደኅንነት ፋውንዴሽን ያዘጋጀው የቅድመ ጉዞ ፍተሻ ዝርዝር ስድስት ክፍሎች ሲኖሩት፣ አንዱ ዘይትና ሌሎች ፈሳሾችን ይመለከታል። እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ምልክቱ ለዓይን ክፍት ነው ከሚል ግምት ይነሣሉ። ጎንበስ ብሎ የዘይት መመልከቻውን መስኮት ማየት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ አራት ቡሎን ፈትቶ ብረት ማውረድ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የዕለቱ ፍተሻ ወደ ወር የሚገፋው በአሽከርካሪው ስንፍና ብቻ ሳይሆን በዚህ ልዩነት ነው። የዘይት መብራት ይበቃል የሚሉም አሉ። መብራቱ ግን የሚያመለክተው ግፊትን እንጂ መጠንን አይደለም፤ ሲበራ ፓምፑ አየር መሳብ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

በጸሐፊው እምነት ግን ከቀረው ፍተሻ ይልቅ በስሕተት የተነበበው የበለጠ ትኩረት ይሻል፤ የሐሰት መተማመንን ይፈጥራልና። ብረቱን ላለመፍታት ከሚወሰዱ ዘዴዎች አንዱ የእጅ መስታወት ነው። መሬት ላይ የተጋደመ መስታወት ላይኛውን ታች፣ ታችኛውን ላይ አድርጎ ያሳያል። በመስኮቱ አጠገብ ያሉት ጽሑፍ የሌላቸው ሁለት ጭረቶች ብቻ ከሆኑ፣ ከዝቅተኛው ጭረት አጠገብ ያለ ዘይት በመስታወቱ ውስጥ ከላይኛው ጭረት የደረሰ ይመስላል። ሊያልቅ የተቃረበው ሞልቷል ተብሎ ይታለፋል። ከመስኮቱ ትይዩ ቀጥ ብሎ የተያዘ የስልክ ካሜራ እንዲህ አይገለብጥም። በተጨማሪም ፎቶግራፉ ስለሚቀመጥ፣ ሞተሩ በሁለት ፍተሻዎች መካከል ምን ያህል ዘይት እንደበላ ለማነጻጸር ያስችላል።

ሌላው የስሕተት ምንጭ ዝንባሌ ነው። መለኪያው የሚነበበው በአብዛኛው ሞተር ሳይክሉ ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው። (መለኪያ ዘንግ ባላቸው ላይ ዘንጉ ተጠምዝዞ ይለካል ወይስ ሳይጠመዘዝ የሚለው በየሞዴሉ ስለሚለያይ መመሪያውን ማየት ግድ ነው።) ጭነት የተሸከመን ሞተር ሳይክል ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ በዚያው ጊዜ ከብረቱ ሥር አጎንብሶ ማየት ለአንድ ሰው አይመችም። ስለዚህ በጎን እግሩ እንደቆመ ይነበባል። መስኮቱ ከሞተር ሳይክሉ መካከለኛ መስመር 15 ሳንቲ ሜትር ቢርቅና ዝንባሌው 10 ዲግሪ ቢሆን፣ የዘይቱ ወለል በመስኮቱ ላይ በግምት 2.6 ሳንቲ ሜትር ይዛነፋል። ይህ በሁለቱ ጭረቶች መካከል ካለው ርቀት ሊበልጥ ይችላል። ሞተር ሳይክሉ ወደ ግራ ሲያዘነብል በግራ ያለ መስኮት የጎደለውን ሙሉ ያስመስላል፤ በቀኝ ያለው ደግሞ በቂውን ጎዶሎ ያስመስልና ባለቤቱ ሳያስፈልግ ይጨምራል። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት በሚሽከረከሩት ክፍሎች ተመትቶ አረፋ ሊሆን፣ በመተንፈሻውም ሊወጣ ይችላል።

ሙሉ በሙሉ የሞላ መስኮትና ባዶ ሆኖ በአሮጌ ዘይት የጠቆረ መስኮትም ተመሳሳይ መልክ አላቸው። ሞተር ሳይክሉን ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ በማዘንበል የዘይቱ መስመር ሲንቀሳቀስ ማየት ሁለቱን ይለያል።

የፍሬን ዘይት ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በዲስክ ፍሬን የሚሠሩ ሞተር ሳይክሎች የኋላ ፍሬን ዘይት ዕቃ ብዙ ጊዜ በጎን ሣጥን ይሸፈናል፤ የፊቱ ደግሞ በእጅ መከላከያ ይጋረዳል። መጠኑ ቀስ በቀስ መውረዱ የሸራውን ማለቅ ሊያመለክት ይችላል፤ በድንገት መውረዱ ግን መፍሰስን ያስጠረጥራል። ፈሳሹ ከአየር እርጥበት ይስባል። በአሜሪካ የፌዴራል መስፈርት መሠረት የዶት 4 ፈሳሽ አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሆን አለበት፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ከሳበ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ወሰን 155 ዲግሪ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ያለማቋረጥ ፍሬን እየያዘ በሚወርድ ጭነት በበዛበት ሞተር ሳይክል ውስጥ የሚፈላ ፈሳሽ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ስለሚታመቅም ፔዳሉ ባዶ ይረገጣል። የፈሳሹ ቀለም የውሃውን መጠን አይለካም፤ መጠቆር ግን የመቀየሪያው ጊዜ መድረሱን ሊጠቁም ይችላል። የራዲያተር ውሃ አብዛኞቹን በአየር የሚቀዘቅዙ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ስለማይመለከት እዚህ አልተነሣም።

መፍትሔው መፈለግ ያለበት ዕቃው በሚገጠምበት ቀን ነው። ከመግጠም በፊት የመስኮቶቹ፣ የመሙያ ክዳኖቹና የማፍሰሻ ቡሎኑ ቦታ በቾክ ቢመለከት፣ ብረት ሠሪው ቧንቧውን ከእነርሱ አርቆ ማጠፍ ይችላል። ለመሥሪያ ቤት የሚገዛ ከሆነ የግዢው ሰነድ «መከላከያው ተገጥሞ ሳለ የፈሳሽ ምልክቶች ያለ መፍቻ መታየት አለባቸው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨመርበት ወጪው አይከብድም። የተገጠመውን መብሳት ካስፈለገ ቀዳዳው ከብየዳውና ከማጠፊያው ይራቅ። ከሥር ያለው ብረት ደግሞ በማፍሰሻው ቡሎን ትይዩ ቢበሳ፣ በዚያው የተጠራቀመው ጭቃና ውሃም ይወጣል።