«ክሉ» እና «ኤቪደንስ»

የእንግሊዝኛ የወንጀል ታሪክ የሚያነቡ ወዳጆቻችን «ክሉ» እና «ኤቪደንስ» የተባሉትን ሁለት ቃላት እንደ አንድ ሲቆጥሯቸው እንሰማለን። ይሁን እንጂ ልዩነታቸው የሰው ነፍስ እስከ ማጥፋት ሊያደርስ ይችላል።

«ክሉ» በጥንት ጊዜ የክር ልቃቂት ማለት ነበር። በግሪኮች ተረት ቴሴዎስ መውጫው ከማይታወቀው ሕንፃ የወጣው ክር ተከትሎ ነውና፣ መርማሪን የሚመራ ምልክት ሁሉ በዚህ ስም ተጠራ፤ እኛ ፍንጭ እንለዋለን። «ኤቪደንስ» ግን «ማየት» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ የሚታየው ማስረጃ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ፣ ማሪዮን ጊልክሪስት የተባሉ አሮጊት ተገድለው የአልማዝ ጌጣቸው ጠፋ። ኦስካር ስሌተር የተባለ ሰው የአልማዝ ጌጥ አስይዞ መበደሩን ፖሊስ ሰማ። ይህ ደኅና ፍንጭ ነበር። ነገር ግን ጌጡ ሲመረመር የሟቿ አልነበረም፤ ስሌተርም ያስያዘው ከግድያው በፊት ኖሯል።

ክሩ ተበጠሰ፤ ክሱ ግን አልተቋረጠም። «አየነው» ባሉ ምስክሮች ቃል በ1909 ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። የሸርሎክ ሆምዝ ደራሲ ኮናን ዶይል ሳይቀሩ ተከራከሩለት። በ1927 ተፈታ፤ በ1928 ፍርዱ ተሻረ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ታስሯል።

እንግዲህ ፍንጭ መንገድ ይመራል እንጂ አይፈርድም።