ተጨማሪ መረጃ፦ የመድኃኒቱ ቀን በየትኛው አቆጣጠር ነው?

ሐረር ውስጥ ከጀጎል ሆስፒታልም ሆነ ከሕይወት ፋና ሆስፒታል መድኃኒት ስትቀበሉ፣ ማሸጊያው ላይ የሚታተመው የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የእኛ ዘመን በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ስለሚል፣ በ2018 ዓ.ም. «2024» የሚል ያነበበ ሰው ገና 6 ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላል። መድኃኒቱ ግን ጊዜው አልፎበታል! ሰዓትም ያሳስታል። «በየ8 ሰዓቱ» ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ መዋጥ አይደለም፤ በቀን 3 ጊዜ፣ ለምሳሌ ጠዋት 12፣ ቀን 8 እና ማታ 4 ሰዓት ላይ ነው። በከተማዋ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ ይነገራሉ፤ አወሳሰዱ ካልገባችሁ በምትሰሙት ቋንቋ እንዲደገምላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ። የባህል መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነም ለፋርማሲ ባለሙያው ንገሩ።