ከህንድ መልስ

ለልብ ቀዶ ሕክምና ህንድ ወይም ባንኮክ የሚሄድ የጃማ ወረዳ ሰው አውሮፕላን እስኪሳፈር ብዙ ደጅ ይጠናል። ከደጎሎ ወረኢሉን አልፎ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፤ ከዚያ «ሕክምናው አገር ውስጥ አይገኝም» የሚል የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት፣ ከዚያ የውጭ ምንዛሬ። በሬ ይሸጣል፣ እድር ያዋጣል፣ ገበያ መሀል በድምፅ ማጉያ ይለመናል፣ አረብ አገር ያለች እህት ደመወዟን ትልካለች። ሲሄድ አገር ምድሩ ይሸኘዋል። ከተመለሰ በኋላ ያለው ኑሮ ግን የሚያልፈው በእኛ በክትትል ክፍሉ ነርሶች እጅ ነው፤ ይህን የሚያስበው ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳስበኛል።

የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል። መድኃኒቱ ሲያንስ ደም ቫልቩ ላይ ይረጋል፣ አንጎልም ሊመታ ይችላል፤ ሲበዛ ያደማል። ልኩ የሚታወቀው አይኤንአር በሚባለው የደም ምርመራ ነው። ከውጭ ይዞት በመጣው ወረቀት ላይ ያለው መጠን እዚያ ለከረመበት አመጋገብ የተለካ ነው። እኛ ዘንድ ዐቢይ ጾም ሲገባ ጎመን ይበዛል፤ የጎመን ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ኃይል ይሰብራል። «ጎመን አትብላ» አልልም፤ ታዲያ በምን ሊጾም ነው? «የጎመኑን መጠን አታለዋውጥ፤ ጾም ሲገባም ሲፈታም ደምህን አስለካ» እለዋለሁ። ለወጣት ሴቶች ደግሞ መድኃኒቱ ጽንስ ስለሚጎዳ፣ ሳያረግዙ በፊት እንዲያማክሩን አጥብቄ እነግራለሁ።

ገንዘብ አሰባሳቢ ኮሚቴዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ከተዋጣው ላይ የምርመራና የደሴ መመላለሻ አስቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ። ብሩ በቀዶ ሕክምናው ካለቀ የተተካው ቫልቭ ያለ ጠባቂ ይቀራል።

አገር ውስጥም ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙበት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ግቢ ተከፍቷል። የልብ ቀዶ ሕክምናው ወረፋ ግን ረጅም ነው።

ወረፋውን የሚያረዝመው በሽታ ብዙ ጊዜ የሚነሳው እንደ እኛ ባለ ቀበሌ ነው። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ለቆራጭ ይሰጣል። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በጊዜ ፔኒሲሊን ካላገኘ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ ትኩሳት ሊያስከትል፣ እየተመላለሰም የልብን ቫልቭ ሊያበላሽ ይችላል። በዚህ ትኩሳት አንዴ የተያዘ ልጅ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን እየተወጋ ለዓመታት ይቆያል። መርፌው ያማል፤ እናቶችም ልጁ የዳነ ሲመስላቸው ይተዉታል። ያን ጊዜ ቤታቸው ድረስ ሰው መላክ አለብን ባይ ነኝ።

የጉሮሮ ሕመሙ ጀርም በአንድ ቤት ተጠጋግተው በሚያድሩ ልጆች መካከል ቶሎ ይዛመታል። ስለዚህ ከህንድ ለተመለሰ ታካሚ የቀጠሮ ካርድ ስሰጥ፣ ታናናሾቹን ጉሮሯቸውን ሲያማቸው ሳምንት ሳይሞላ ወደ እኛ እንዲያመጧቸው እዚያው ካርዱ ላይ እጽፋለሁ።