የሣር አረም ከመድኃኒት እንዴት እንደሚያመልጥ

በአውስትራልያ የስንዴ እርሻ ሎልየም ሪጂዱም የሚባል የእንክርዳድ ዘመድ የሆነ ሣር አለ። አስቀድሞ ለበግ ግጦሽ የተዘራ ነበር፤ ኋላ ግን የስንዴ ጠላት ሆነ። ገበሬዎቹም ዲክሎፎፕ የሚባለውን መድኃኒት ደጋግመው ይረጩበት ነበር። ዳሩ ግን በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1982 ዓመት በደቡብ አውስትራልያ መድኃኒቱ የማይገድለው ሣር መገኘቱ ተገለጠ።

ብዙ ሰው ሣሩ መድኃኒቱን የለመደው ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከእልፍ ሣር መካከል መድኃኒቱ የማይጐዳው ጥቂት በተፈጥሮው ይገኛል። ሌላው ሲሞት እርሱ ተርፎ ያፈራል፤ ዘሩም እርሻውን ይሞላል። የአበባውን ብናኝም ነፋስ ስለሚወስደው ጠባዩ ወደ ጎረቤት እርሻ ይተላለፋል።

ስለዚህ የዚያ አገር ገበሬዎች ዘሩን ማጥፋት ያዙ። ፍሬው እስከ አጨዳ ድረስ አብዛኛው ስለማይረግፍ፣ ከእብቁ ጋር ሰብስበው ያቃጥሉታል ወይም ይፈጩታል።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ይህን አይተው ሊጠነቀቁ ይገባል። መድኃኒቱ በየዓይነቱ ይለዋወጥ፤ ስንዴው ከባቄላ ጋር ይፈራረቅ፤ የሚዘራው ዘር ይበጠር፤ ከርጭት የተረፈውም ሣር ሳያፈራ በእጅ ይነቀል። ዛሬ የተናቀው አንድ ዛላ ነገ እርሻውን ይወርሳልና።