14 ሌሊት፣ ስንት ቀሚስ? ስለ መርከብ ጉዞ የእራት ልብስ ተረትና እውነታ

አክስቴ ጡረታ ስትወጣ ልጆቿ ገንዘብ አዋጥተው በኩዊን ሜሪ 2 መርከብ ከኒውዮርክ ሳውዝሃምፕተን ደርሶ መልስ ገዙላት። በማግሥቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ ግን ስጦታ የተቀበለ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ልጄ፣ 14 ሌሊት ነው። ማታ ማታ እንደ ሠርግ ተለብሶ ነው አሉ እራት የሚበላው። 14 የሠርግ ልብስ ከየት አመጣለሁ?» ሦስት ሻንጣ አልጋዋ ላይ ከፍታ፣ ከልጇ ሠርግ ወዲህ ያልነካቻቸውን ቀሚሶች ደርድራ፣ በዚያ ላይ ሁለት አዲስ ልትገዛ ቆርጣ ነበር።

ጭንቀቱን ያመጡባት ወዳጆቿ ናቸው፤ ክፉ አስበው አይደለም። ስለ መርከብ ጉዞ የሚወራው ከፊሉ ከድሮ ፊልም የመጣ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ አንድ ሰው በአንድ መርከብ ላይ ያየውን ለሁሉም መርከብ እየሰጠ የሚያወራው ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ሰው በዚህ ወሬ ምክንያት ዳግመኛ ለማይለብሰው ልብስ ገንዘቡን ማፍሰሱ፣ ከዚያም ብሶ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ምርጥ ልብሱን ትቶ መሄዱ ነው። ስለዚህ ወሬውን አንድ በአንድ እንየው።

«በየማታው የክብር ልብስ ግዴታ ነው»

አይደለም። የክብር ልብስ የሚለበስባቸው ምሽቶች ተቆጥረው የታወቁ ናቸው። አክስቴ የምትሄድበት ኩናርድ እ.ኤ.አ. ከ1840 ጀምሮ አትላንቲክን ሲያቋርጥ የኖረ ኩባንያ ነው፤ በአለባበስም ከዛሬዎቹ ሁሉ ጥብቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። እሱ እንኳ በ7 ሌሊቱ መሻገሪያ «ጋላ» ብሎ የሚሰይመው አብዛኛውን ጊዜ 2 ምሽት ብቻ ነው። የአክስቴ 14 ሌሊት እንግዲህ ወደ 4 ምሽት ወረደ። በቀሩት ማታዎች ለዘመድ ግብዣ የምትለብሰው ንጹሕ ልብስ ይበቃታል።

ሌሎቹ ከዚህም ይቀላሉ። ካርኒቫል 6 ቀንና ከዚያ በላይ በሚፈጀው ጉዞ 2 ምሽት፣ ባጠረው ጉዞ ደግሞ 1 ምሽት ብቻ ይመድባል። ኖርዌጂያን እ.ኤ.አ. በ2000 «ፍሪስታይል» ብሎ ባመጣው አሠራር ግዴታውን አንስቷል። የቫይኪንግ የባሕር መርከቦች ጭራሹን የክብር ምሽት የላቸውም። ሻንጣ ከመክፈት በፊት የሚሠራው ሥራ የራስን መርከብ የአለባበስ ደንብ ማንበብ ነው፤ የጎረቤት መርከብ ደንብ ለማንም አይጠቅምም።

እነዚህ ምሽቶች የሚውሉት በአብዛኛው መርከቡ ወደብ በማይነካበት ቀን ነው። ከተማ ሲዞር ውሎ እግሩ የዛለ ሰው ለመሽቀርቀር ጊዜም ጉልበትም እንደሌለው መርከበኞቹ ያውቃሉ። በዚያች ማታ መልበስ ያልፈለገ ሰውም ጾሙን አያድርም። በኩዊን ሜሪ 2 ላይ ኪንግስ ኮርት የሚባለው ራስን የማስተናገጃ ምግብ ቤትና ጎልደን ላየን የተባለው መጠጥ ቤት ክፍት ናቸው።

አራቱን ምሽት በአራት ልዩ ልዩ ልብስ ማሳለፍ አለብኝ የሚለውም ስህተት ነው። በሁለት ሺህ ተኩል ተሳፋሪ መካከል ያንቺን ቀሚስ ቆጥሮ የሚመዘግብ የለም። አብረውሽ በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡት ራሳቸው የመጀመሪያውን ማታ ልብሳቸውን ደግመው ይመጣሉ።

«ቱክሲዶ የሌለው ወንድ ከበር ይመለሳል»

ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ በነጭ ሸሚዝና በክራቫት በኩናርድም ጋላ ይገባል። ለሠርግና ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ የሚለበሰው ሱፍ እዚያም ያው ሱፍ ነው። አንድ ሱፍ፣ ሦስት ሸሚዝ፣ ሁለት ክራቫት ምናልባትም አንድ ፓፒዮን ለሁለት ሳምንት ይበቃል።

ቱክሲዶ ራሱ የተወለደው ለመዝናናት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1865 የለንደኑ ልብስ ሰፊ ሄንሪ ፑል ለእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ከባለ ጭራው ኮት ይልቅ ቀለል ያለ አጭር ኮት ሰፋለት፤ በገጠር ቤቱ እራት ሲበላ እንዲመቸው ነበር። ስሙ የተገኘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1886 ኒውዮርክ አጠገብ ከተመሠረተው ከቱክሲዶ ፓርክ ነው። በዘመኑ «ይህማ ያልተሟላ ልብስ ነው» ይባልለት የነበረው ኮት ዛሬ የሙሉነት መለኪያ ሆኗል። ከሱሪው በላይ ወገብ ላይ የሚታሰረው የሐር ጨርቅ፣ ካመርባንድ የሚሉት፣ የእንግሊዝ መኮንኖች በህንድ ሳሉ ከአገሬው የወሰዱት ነው። ቃሉ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የወገብ ማሰሪያ ማለት ነው። በአማርኛ መቀነት እንለዋለን።

«የሐበሻ ልብስ ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ አይሆንም»

እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። አክስቴ አልጋ ላይ ከደረደረቻቸው ቀሚሶች መካከል አንድም የሐበሻ ቀሚስ አልነበረም። ለምን ብላት «እሱ የቤተ ክርስቲያንና የሠርግ ነው፤ ፈረንጅ ፊት የቤት ልብስ ይመስላል» አለችኝ። ይህን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም ያመኛል። ልጅ ስንድር፣ ክርስትና ስናነሣ፣ ለጥምቀት ስንወጣ ከሣጥን የምናወጣው ልብስ የክብር ልብስ ካልሆነ የክብር ልብስ የሚባለው የቱ ነው?

የኩናርድ ደንብ ለጋላ ምሽት ከቱክሲዶና ከረጅም የምሽት ቀሚስ ጎን የአገር የክብር ልብስንም በግልጽ አስቀምጧል። ስኮትላንዳዊው ኪልቱን ለብሶ ይወርዳል፣ ህንዳዊቷ ሳሪዋን። በችሮታ የተሰጠ ፈቃድ ሳይሆን የደንቡ አካል ነው። በሌሎች መርከቦችም ጥበብ ያለው ረጅም ቀሚስ የለበሰችን ሴት «ይህ የእራት ልብስ አይደለም» የሚላት የለም፤ የእራት ልብስ የሚባለው ራሱ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ያማረ ቀሚስ ነው።

የትኛውን የሐበሻ ልብስ የሚለው ግን ምርጫ ይፈልጋል። ጉልበት ላይ የሚቀረው ቀላሉ ቀሚስ ለቀን ይሁን። ለማታ ደረቱና ጫፉ ላይ ጥበብ የወረደበት፣ መነን ይሁን ፈትል፣ የራሱ ነጠላ ያለው ቀሚስ ይያዝ። ለወንድ እጀ ጠባብና ሱሪ ጥለት ካለው ኩታ ጋር ያምራል፤ ካባውን ለሙሽራ ብንተወው ይሻላል ባይ ነኝ፤ እራት ቤት ውስጥ ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ሰው እንዲዞር ያደርጋል። ኩናርድ አንዳንዱን ጋላ «ጥቁርና ነጭ» ብሎ ይሰይመዋል። ነጭ ቀሚስ ከጥቁር ጥበብ ጋር ያላት ሴት ለዚያች ማታ ምንም መግዛት አያስፈልጋትም።

ከውበቱ ሌላ ጥቅም አለው። የመርከብ እራት ቤቶች የማቀዝቀዣ አየር ስለሚለቀቅባቸው ትከሻቸው የተጋለጠ ሴቶች ሲንቀጠቀጡ ይታያል፤ የእኛዋ ነጠላዋን ሳብ ታደርጋለች። በሁለት ሳምንት የመርከብ ድግስ ወገብ ሲሰፋ ዚፕ ያለው ጠባብ ቀሚስ እምቢ ይላል፤ መቀነት ግን ላላ ብሎ ይታሰራል። አንድ ነጭ ቀሚስ በሁለት የተለያየ ጥለት ባላቸው ነጠላዎችና በሁለት መቀነት ሁለት ምሽት ሌላ ልብስ ይመስላል፤ ነጠላ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ወደ መርከቡ የውጭ ወለል ስትወጪ ነፋሱ ነጠላውን እንዳይወስደው ትከሻ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዝ ማድረግ ይገባል። ባለ አራት ድርቡ ጋቢ ለእራት አይሆንም፤ ከሰዓት በኋላ በአትላንቲክ ነፋስ ውጭ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ግን ከመርከቡ ብርድ ልብስ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ከሲያትል ተነሥተው አላስካ ለሚሄዱ ወገኖቻችንም ያው ነው።

«ትንሿን ካውያ ሻንጣ ውስጥ ብደብቃት ማን ያያታል?»

ያያታል። ሻንጣው ወደ መርከቡ ሲገባ እንደ አውሮፕላን ማረፊያው በኤክስሬይ ያልፋል። ካውያ የተገኘበት ሻንጣ ተይዞ ይቀራል፤ ባለቤቱም ክፍሉ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ያመሻል። የእንፋሎት መተኮሻውም እንደ ካውያው ነው። አንዳንዱ ተሳፋሪ ይህን እንደ ንፍገት ያየዋል፤ ምክንያቱ ግን እሳት ነው። ባሕር መሐል የእሳት አደጋ መኪና አይጠራም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1998 ኤክስታሲ የተባለው መርከብ ከማያሚ እንደወጣ የተነሣበት እሳት የጀመረው ከልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ነበር፤ የብየዳ ፍንጣሪ ከልብስ የሚራገፈውን ብናኝ አቀጣጥሎት በአየር ማስተላለፊያው ተዛመተ። ጨርቅና ሙቀት በመርከብ ላይ ምን እንደሚሠሩ ከዚያ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

መፍትሔው መርከቡ ውስጥ አለ። ኩዊን ሜሪ 2 ተሳፋሪ ራሱ የሚያጥብባቸው ክፍሎች አሉት፤ ማጠቢያው፣ ማድረቂያው፣ ካውያውም ያለ ክፍያ ነው። በሮያል ካሪቢያን መርከቦች ግን እንዲህ ያለ ክፍል የለም፤ ለመርከቡ ሠራተኞች ከፍሎ ማስተኮስ ነው። ጋላው ባለበት ቀን ከሰዓት በኋላ ካውያው ፊት ሰልፍ ስለሚኖር በጠዋት መሄድ ይበጃል።

የሐበሻ ቀሚስን ግን ከማድረቂያው ጠብቁ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ በሞቃት ማድረቂያ ይሰበሰባል፣ ጥበቡም ይኮማተራል። በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ አጥቦ፣ ሳይጨምቁ በፎጣ ጠቅልሎ ውኃውን ማስመጠጥ፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ማስጣት ነው። ለመርከቡ አጣቢዎች ከሰጣችሁትም ይህንኑ ጽፋችሁ ስጡ፤ እነሱ ፈትል ምን እንደሆነ በምን ያውቃሉ?

«መታጠቢያ ቤት በእንፋሎት ውስጥ የተሰቀለ ልብስ ሁሉ ይቃናል»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሙሉ ልብስን ሱፍ የምንለው ከበግ ፀጉር ስለሚሠራ ነው፤ ያ ፀጉር በተፈጥሮው እንደ ጥቅል ሽቦ ስለሆነ እርጥበት ሲያገኝና ሲሰቀል ወደ ቦታው ይመለሳል። ጥጥ እንደዚያ አይደለም። እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልስና በተኛበት ቅርጽ ይደርቃል፤ ተጨማድዶ ከሆነ የተኛው ጭምድዱን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ኮቱን መታጠቢያ ቤት ስቀሉት፤ ቀሚሱን ግን ትንሽ ውኃ እረጭ አድርጋችሁ ገልብጣችሁ ተኩሱት፤ ጥበቡን ፎጣ ላይ በፊቱ ደፍታችሁ፣ እሳቱ ሳይበዛ። በብዙ መርከቦች የክፍሉ ግድግዳ ብረት ስለሆነ ሁለት የማግኔት መስቀያ መያዝ ይጠቅማል፤ የክፍሉ ቁም ሣጥን ጠባብ ነው።

ከመነሻው እንዳይጨማደድ ማድረግ ደግሞ ይቻላል። ልብስ የሚጨማደደው ጨርቅ ከጨርቅ ሲፋተግና በአንድ መስመር ላይ ሲታጠፍ ነው። ቀሚሱን ከላውንደሪ በሚመጣው ስስ ፕላስቲክ ሸፍኖ ማጠፍ ፍትጊያውን ይቀንሳል፤ በማጠፊያው ላይ የተጠቀለለ ነጠላ ማስገባት እጥፋቱን ያለሰልሰዋል። ጠቅልሎ መያዝ ለካናቴራ ጥሩ ነው፤ ትከሻ ያለውን ኮት ግን ያበላሻል። ጫማ ከሁሉ ይከብዳል፤ በአውሮፕላን ወደ ወደቡ ለሚሄድ ሰው የአንድ ሻንጣ ልክ አብዛኛውን ጊዜ 23 ኪሎ ነውና አንድ የማታ ጫማ ይበቃዋል። ለሴት ታኮው ዝቅና ሰፋ ያለ ይሁን፤ ወለሉ ይወዛወዛል።

«ሻንጣዬ እንደገባሁ ክፍሌ ይጠብቀኛል»

በወደቡ ላይ ሻንጣችሁን ለተሸካሚዎች ሰጥታችሁ ስትገቡ ክፍላችሁ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ አንዳንዴ ከእራት ጋር ይሽቀዳደማል። በጥንቱ የመርከብ ዘመንም ተሳፋሪዎች በመጀመሪያዋ ማታ ለእራት አይሸቀርቀሩም ነበር፤ ሣጥናቸው ገና አልተፈታማ። ዛሬም መርከቦች የመጀመሪያዋን ማታ በአብዛኛው ለጋላ አይመድቧትም። ቢሆንም ጌጥ፣ መድኃኒት፣ መነጽርና አንድ ቅያሪ ልብስ ከእጅ ቦርሳ እንዳይለዩ። በመጨረሻዋ ማታ ነገሩ ይገለበጣል። ሻንጣው ከመተኛት በፊት በር ላይ ይቀመጥና በማግሥቱ ወደብ ላይ ነው የምታገኙት። ለጠዋት የሚለበሰውን አብሮ የቆለፈ ሰው ከመርከብ በሌሊት ልብሱ ይወርዳል።

አክስቴ ሦስቱን ሻንጣ ዘግታ አንድ አስቀረች። ሁለት የሐበሻ ቀሚስ፣ ሦስት ነጠላ፣ ሁለት መቀነት፣ አንድ ጥቁር ጫማ፣ መርፌና ክር፣ ጋቢዋን ከላይ። አዲሶቹን ቀሚሶች አልገዛቻቸውም። ከመሄዷ በፊት ባለው ቅዳሜ ደውላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጥቁር ጥበብ ያለውን ለየትኛው ማታ ላድርገው?»